ቀን የሌለው ጎተራ

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ጋራዡን በትንሽ ገንዘብ ማስጨረስ የፈለገ ሐበሻ ሲያጠያይቅ ስማቸው ከሚነሣ አናጺዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ፣ ኮርኒስ ስመታና በር ስገጥም ነው። ከዚያ በፊት ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ዳዊት ደግሜ ዜማ ቤት ደጅ ላይ ስደርስ ከተማ ጠራኝና ሄድሁ። የኔታ ያስያዙኝ ቃል ግን ከመዶሻዬ ጋር ባሕር ተሻግሯል። የሰው ጋራዥ ገብቼ ግድግዳ ስለካ አፌ ስለ ኢንችና ስለ ዶላር ያወራል፤ ልቤ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይዟል። ሰው ዕቃ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? የትኛው ማስቀመጥ ጥበብ፣ የትኛውስ ሞኝነት ነው?

ጥያቄው የሚወጣው ከሥራው ውስጥ ስለሆነ አስቀድሜ ስለ ሥራው ልናገር።

ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ብዙውን ጊዜ 20 ጫማ በ20 ጫማ ገደማ ነው። ያልተጨረሰ ሲሆን አጽሙ ይታያል፤ እዚህ ቱ ባይ ፎር የሚሉት፣ እኛ ሞራሌ የምንለው እንጨት በየ16 ኢንቹ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሦስቱን ግድግዳና ኮርኒሱን ለማልበስ 4 በ8 ጫማ የሆነ ድራይዎል 28 ያህል ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ላይ ቴፕ ይለጠፋል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል። የባለቤቱ ትዕግሥትም ገንዘብም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ጋራዥ ሳሎን አይደለም እላለሁ፤ ቴፑን ለጥፎ አንድ ጊዜ ስቱኮ ቀብቶ ማቆም ይቻላል። ቀለሙንም የቀለም ሱቅ ደንበኛ አስበጥብጦ ሳይወደው ከተወው ውስጥ ከመረጡ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል። መደርደሪያ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ሞራሌ አግድም ከቋሚዎቹ ጋር በብሎን ይታሰርና ላዩ ላይ ጣውላ ይነጠፋል። ኮርኒሱ ላይ ዕቃ እንድሰቅል የሚለምኑኝን ግን እምቢ እላለሁ፤ የብዙ ቤት የጣሪያ እንጨት የራሱን ኮርኒስ እንጂ የሰው ሻንጣ እንዲሸከም አልተሰላም።

ሌላው የማልደራደርበት ጋራዡን ከመኖሪያው የሚለየው ግድግዳ ነው። አብዛኛው ከተማ የሚከተለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በዚያ ግድግዳ ላይ ቢያንስ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም ይጠይቃል፤ ከላይ ሰው የሚኖርበት ክፍል ካለ ኮርኒሱ 5/8 ኢንች የሆነው፣ ታይፕ ኤክስ የሚባለው መሆን አለበት። ጂፕሰም ደረቅ ይምሰል እንጂ ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ያህል ውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፤ እሳት ሲነካው ውሃው በእንፋሎት እየወጣ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ወደ ቤት የሚያስገባው በርም ቀላል በር አይሆንም፤ ወይ ወፍራም ድፍን እንጨት ወይም ብረት፣ ወይ እሳትን ለ20 ደቂቃ የሚመክት መሆን አለበት። ከጋራዥ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት በር መክፈትም ክልክል ነው። ደንቡን ደጋግሜ ሳነበው ስለ ውበት አንድም ቃል አጣሁበት። የሚያስበው ስለ ተኙት ነው። አንተ ያስቀመጥኸው ቤንዚን፣ ቀለምና ካርቶን ከግድግዳው ማዶ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሊጎዳው እንደሚችል የሚያውቅ ሕግ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባዶ ማድረግ አለ። ዕቃው ሳይወጣ ግድግዳው አይለበስም። ሁሉም ነገር ወደ ደጅ ይወጣል፦ የበረዶ አካፋ፣ የክረምት ጎማ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የጤፍ ዱቄት ጆንያ፣ ምጣድ፣ የከሰል ማንደጃ፣ ለፋሲካ ቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈልበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ማንም የማይከፍተው ቴሌቪዥን። ባለቤቶቹን የሚጣለውን፣ የሚሰጠውንና የሚቀረውን ለይታችሁ በሦስት ክምር አድርጉልኝ እላለሁ። አራተኛ ክምር ሳይፈጠር የቀረበት ቤት ግን አላጋጠመኝም። ጥግ ላይ በቴፕ የታሸጉ ካርቶኖች አሉ፤ «ይኼስ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እሱን ተወው ጋሼ፣ እሱ ለአገር ቤት ነው።»

ይከፈትና ጫማ ነው፣ ሹራብ ነው፣ የሕፃን ልብስ ነው። አንዳንድ ቤት ለገጠር ጤና ጣቢያ የታሰበ ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበርም አለ። የአንዱ ቤት የሕፃን ልብስ የታሰበላት የእኅት ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። ለምን እንዳልሄደላት ይገባኛል። አየር መንገዱ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። የመሄጃው ቀን ሲደርስ የአባት መድኃኒት ይቀድማል፣ የወንድም ስልክ ይቀድማል፣ የጎረቤት አደራ ይቀድማል። ካርቶኑ ለሚቀጥለው ይቆያል። እነዚህ ሰዎች ስስታሞች አይደሉም፤ እኔ የማውቃቸው ባለ ጋራዦች ከደመወዛቸው በየወሩ ወደ አገር የሚልኩ ናቸው። ጋራዡን የሞላው ደግነታቸው ነው።

የማስበው እዚህ ላይ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረው የሀብታሙ ሰው ምሳሌ ሲሰበክ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ ስስት ነው። እርሻው እጅግ አፈራለት፤ ከራሱ ጋር ተማከረ፤ ጎተራውን አፍርሶ የበለጠ ሊሠራ ወሰነ፤ ለብዙ ዘመን የሚሆን አለኝ ብሎ ለነፍሱ ዕረፍት ነገራት። በዚያች ሌሊት ነፍሱን ፈለጓት፤ ያዘጋጀኸው ለማን ይሆናል ተባለ። ሰባኪው ስስቱን ነቅፎ ይወርዳል፣ እኛም ስስታሞች አይደለንምና ቀለል ብሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ምሳሌው ለጎረቤት የተነገረ ይመስለናል።

እኔ ግን እንደ አናጺ ሳየው ጥፋቱ ጎተራ መሥራቱ አይመስለኝም። ዮሴፍም ጎተራ ሠርቷል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ምርት አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ በየከተማው አከማቸ፤ ከሀብታሙ ሰውዬ ይልቅ እጅግ የበለጠ አከማቸ። እርሱን ሞኝ ያለው የለም፤ ጠቢብ ተባለ። ታዲያ ሁለቱን የሚለየው ምንድን ነው? መጠን አይደለም። ዮሴፍ ለሌላው አስቦ ነው የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ የደንበኛዬም ካርቶን ለሌላው የታሰበ ነው።

መልሱን የሰጠኝ መና ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል መናውን ለየዕለቱ እንዲለቅሙ፣ ለነገ እንዳያሳድሩ ታዘዙ። ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ለቅመው ለሰንበት አሳደሩ፤ ያው መና፣ በዚያው ድንኳን ውስጥ አድሮ አልተላም። የኔታ ይህን ሲያስተምሩን ነገሩ ስለ ሰንበት ክብር ነበር፤ ልክ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁበት። የተላው መና ቀን የለውም፤ ሰውየው «ምናልባት» ብሎ ያሳደረው ነው። ያልተላው የሚበላበት ቀን የታወቀ ነው። የዮሴፍ እህልም እንዲሁ ሰባት ዓመት ተቆጥሮለታል፤ ረኃቡ በገባ ጊዜ ጎተራው ተከፈተ። የሀብታሙ ሰውዬ ጎተራ ግን «ለብዙ ዘመን» ነው፤ ስንት እንደሆነ አልቆጠረም። ቀን የሚባል ነገር በምሳሌው ውስጥ የሚመጣው ከላይ ነው፤ «በዚህች ሌሊት» ተብሎ።

አገራችን ይህን ያውቀዋል። የእኛ ሰው ዝክር ሲያወጣ «አንድ ቀን አበላለሁ» አይልም፤ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም ይላል። ጠላው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጠነሰሳል። ያ ቀን ሲመጣ ድግሱ ለነገ አይተርፍም፤ ቢተርፍም ደጅ ላይ የሚጠብቅ ነዳይ አለ። ማኅበሩም ተራው ማን ጋር እንዳለ ያውቃል፤ ጽዋውን የተቀበለ ሰው ቀኑን አብሮ ተቀብሏል። እዚህም ማኅበር አለን፣ ዝክርም እናወጣለን፤ በዚያ በኩል አልሰነፍንም። ቀኑን የዘነጋነው ለካርቶኑ ብቻ ነው።

ቅዳሴው ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስ በዚህ በሉቃስ ምሳሌ ላይ የሰበከው ስብከት አለ። በቀጰዶቅያ እ.ኤ.አ. በ368 እና በ369 ገደማ ታላቅ ረኃብ ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ጳጳስ አልሆነም፣ በቂሣርያ ካህን ነበር። ከርስቱ ሽጦ የተራቡትን አበላ። በኋላም ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች መጠለያ ሠራ። በስብከቱ ክርክሩ ጽኑ ነው፤ በሣጥንህ ያለው ልብስ የታረዘው ሰው ነው፣ በቤትህ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ስለ ሐሳባችን አልጠየቀም። ልብሱ በሣጥኑ ውስጥ ሳለ የባለሣጥኑ ልብ መልካም ይሁን ክፉ ለታረዘው ልዩነት የለውም፤ ብርዱ ያው ነው። ምሳሌ 3፥28ም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በእጅህ ሳለ ባልንጀራህን ነገ ተመለስ አትበለው ይላል። እኛ «ነገ» እንኳ አንልም፤ «አገር ቤት ስሄድ» እንላለን።

ሆኖም አንድ ቤት ይህን ነገር አፌ ውስጥ ዋጥሁት። ልጃቸው ጠርታኝ ነው የሄድሁት፤ ጋራዡ የእናትየው ነበር ማለት ይቻላል። ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የታጠበ የቡና ቆርቆሮ፣ ሩዝ በከረጢት፣ ምስር በከረጢት፣ ያላለቀ ስኳር። «ሁሉንም ጥሉልኝ» ትላለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ። እናትየው የወሎ ሰው ናቸው፤ የ77ቱን ረኃብ በሕይወት ያለፉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጄን እያዩ «ልጄ፣ ዕቃ የሚጥል ሰው ረኃብን አያውቃትም» አሉኝ። «እውነት ነው እማማ» አልሁና ለቆርቆሮዎቻቸው ጠበብ ያለ መደርደሪያ ሠራሁላቸው፤ ሩዝና ምስሩን አይጥ እንዳያገኘው ክዳን ባለው በርሜል አደረግነው። ለእሳቸው ቀን ቁጠሩለት ብሎ መስበክ ለእኔ ድፍረት ነው። ምሳሌው የተነገረው እርሻው ላፈራለት ሰው ነው፤ እርሻዋ ደርቆ ልጆቿን ለቀበረች ሴት አልተነገረም። ልጅቷ ተቆጥታለች። ሒሳቤን ግን ከፍላለች።

ስለ ዮሴፍም የቀረ ነገር አለ፤ ሰባኪዎች የሚዘሉት። ዘፍጥረት 47ን አንብቡ። ጎተራው ሲከፈት እህሉ በነፃ አልተሰጠም። ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን አመጣ፣ ብሩ ሲያልቅ ከብቱን፣ ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲያ ከምርቱ አምስተኛውን ለቤተ መንግሥት ገባሪ ሆነ። ነፍሳቸው ዳነች፤ ርስታቸው ግን ሄደች። ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻውን ጎተራን ጽድቅ አያደርገውም፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለውም ይጠየቃል።

ይህን ይበልጥ የገለጠልኝ ሌላ ጋራዥ ነው። የአንድ ማኅበር ዕቃ የሚቀመጥበት ነው፤ ትልልቅ ድስቶች፣ ታጣፊ ወንበሮች፣ ድንኳን፣ የውሃ ማፍያ። አዲስ አበባ ዕድር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እዚያም የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በዕድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፣ ጡሩምባ ሲነፋ ይወጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ያልሁት ሁሉ ይፈተናል። ሞት ቀን አይቈርጥም፤ የለቅሶ ድንኳን ለመቼ ተቀመጠ ቢባል መልስ የለውም። በእኔ መለኪያ ቢሆን ኖሮ የዕድር ዕቃ ቤት የሞኝ ጎተራ ሊባል ነው። አይባልም። ለምን? ጋራዡ ግድግዳ ላይ ደብተር ተሰቅሏል፤ የወሰደ ይፈርማል፣ የመለሰ ይሰርዛል። የትልቁ በር መክፈቻ ቁጥር ለብዙዎች ተሰጥቷል። ባለቤቱ ሥራ ላይ እያለ ሰው መጥቶ ወንበር ጭኖ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ማታ ደብተሩን አይቶ ያውቃል። ቀን ባይኖረውም ጠያቂ አለው። የሀብታሙ ሰውዬ ጎተራ ግን ቀንም ጠያቂም አልነበረውም፤ ከራሱ ጋር ብቻ ተማክሮ የሠራው ነው። «ለአገር ቤት» የተባለውም ካርቶን እንዲሁ ነው፤ የታሰበለት ሰው እንደታሰበለት አያውቅም፣ ስለማያውቅም መጥቶ አይጠይቅም።

አሁን ፍርዴን ልናገር። በሌላ ሰው ስም የተቀመጠ፣ ቀንም ጠያቂም የሌለው ዕቃ የአስቀማጩ ነው። ስሙ የተጻፈበት ሰው የለበትም። እንዲያውም ከተራ ዕቃ የከፋ ጎን አለው ብዬ አምናለሁ፤ ተራውን ዕቃ ሰው «ስስታም ነኝ መሰለኝ» ብሎ አንድ ቀን ይፈራዋል፤ ይኼኛውን ግን ባየው ቁጥር ደግ እንደሆነ ይሰማዋል። ሳይሰጥ የሰጠ ያህል የሚያረካ ነገር አደገኛ ነው።

ጋራዥን በርካሽ መጨረስ የሚቻለው እንዴት እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው አንድ ቦታ አለ፤ ሪስቶር። ባለቤቱ ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1976 በጆርጂያ ግዛት፣ አሜሪከስ በምትባል ከተማ የመሠረቱት ሚላርድ ፉለርና ባለቤቱ ሊንዳ ናቸው። ፉለር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሚሊየነር የሆነ ነጋዴ ነበር፤ ባልና ሚስት ተማክረው ሀብታቸውን ሰጡና ለድሆች ቤት ወደ መሥራት ገቡ። በሪስቶር ሰው ቤቱን ሲያድስ ያወለቀውን በር፣ ቁምሳጥን፣ ያልተከፈተ ቀለም፣ የተረፈ ሴራሚክ ያመጣል፤ ድርጅቱ በቅናሽ ይሸጠዋል፣ ገንዘቡ ለቤት ሥራ ይውላል። እኔ ለደንበኞቼ ቁምሳጥን የምገጥመው ብዙ ጊዜ ከዚያ ገዝቼ ነው። ነገሩን ስታስቡት የደንበኛዬ ጋራዥ በርካሽ ያለቀው አንድ የማያውቀው ሰው ቁምሳጥኑን «ለምናልባቱ» ብሎ ጋራዡ ውስጥ ስላላስቀመጠ ነው።

ስለዚህ ጋራዣችሁን ልታሠሩ የምታስቡ፣ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። እነዚያን ካርቶኖች ክፈቱና በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር በእስክሪብቶ ጻፉ፦ ለማን፣ መቼ፣ በማን እጅ። ከዚያ ያ ሰው ጋ ደውላችሁ ንገሩት፤ ይወቅ፣ ይጠይቃችሁ። ሦስቱን መጻፍ ያቃታችሁን ካርቶን ኦሮራ ውስጥ ስጡት፤ በዚህ ከተማ ከሞቃት አገር ተሰዶ መጥቶ የመጀመሪያውን ክረምት የሚቀበል ሰው አይጠፋም፣ በረዶውም አንዳንድ ዓመት በጥቅምት ይጀምራል። የመደርደሪያውን ልክ የምወስደው ካርቶኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከታሰበው ግማሹ ይበቃል፣ ዋጋውም በዚያው ይቀንሳል።